ባለሙያ ሳይሆኑ የራስን ልምድ ጽፎ ማካፈል፦ ለሚያመነቱ ሰዎች የተዘጋጀ የአሠራር መመሪያ

ደሴ ውስጥ የወዳጅና የጎረቤት ጽሑፍ ስለማርም አንድ ጥያቄ ደጋግሞ ይቀርብልኛል። ጠያቂዎቹ የተለያዩ ናቸው፤ አንዱ ተሁለደሬ ውስጥ ንብ ያነባል፣ አንዷ የታመሙ እናቷን ለዓመታት አስታምማለች፣ ሌላዋ ከዓረብ አገር ተመልሳ ትንሽ ሱቅ ከፍታለች። ሁሉም የሚናገሩት አላቸው፤ ሲናገሩም ይደመጣሉ። እስክሪብቶ ሲጨብጡ ግን «እኔ ምን ተምሬ ነው የምጽፈው?» ብለው ይቆማሉ። ለእያንዳንዱ በቃል ስመልስ የኖርኩትን እዚህ በቅደም ተከተል አስፍሬዋለሁ።

መመሪያው በእጅዎ የሠሩት፣ በዓይንዎ ያዩት ወይም በራስዎ የደረሰ ነገር ኖሮ ለመጻፍ ለሚያመነቱ ለእርስዎ ነው። ጥርጣሬው እስኪለቅዎት መጠበቅ አያስፈልግዎትም። ጥርጣሬውን ወረቀት ላይ አውጥተው እያንዳንዱ የትኛውን ዓረፍተ ነገር እንደሚመለከት ይለያሉ። የሚመለከተው ዓረፍተ ነገር ያለው ጥርጣሬ ጽሑፉን ያርምልዎታል፤ የሚመለከተው ዓረፍተ ነገር የሌለው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ይሉኝታ ነው። ከዚህ በታች ያለው ሥራ ሁሉ በዚህ ልዩነት ላይ የቆመ ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ባለ መስመር ደብተር። ሲገለጥ የግራና የቀኝ ገጹ ጎን ለጎን መታየት ስላለበት ነጠላ ወረቀት አይሆንም።
- ሰማያዊና ቀይ እስክሪብቶ።
- ድምፅ የሚቀዳ ስልክ። መብራት ሊጠፋ ስለሚችል አስቀድመው ቻርጅ ያድርጉት።
- የኢትዮጵያንና የአውሮፓን ቀን ጎን ለጎን የያዘ የግድግዳ ካላንደር።
- በቤት ውስጥ ያሉ ማስረጃዎች፦ የሐኪም ቀጠሮ ካርድ፣ ደረሰኝ፣ አሮጌ ፎቶግራፍ፣ የሱቅ የዱቤ መዝገብ። አእምሮ የሚያዛባውን ቀንና ዋጋ እነዚህ ያቃናሉ።
- ሁለት አንባቢዎች። አንዱ ነገሩ ሲፈጸም የነበረ፣ ሌላው ስለ ነገሩ ምንም የማያውቅ መሆን አለባቸው።

ደረጃ 1፦ ጉዳዩን አጥብበው ይምረጡ

መጀመሪያና መጨረሻ ያለውን አንድ ጉዳይ ብቻ ይምረጡ። «ስለ እንጀራ አጋገር» ብለው ቢነሱ በእርግጥም ከእርስዎ የበለጠ የሚያውቅ ብዙ ሰው አለ፤ ጥርጣሬውም ትክክል ይሆናል። «ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ከገባሁ በኋላ ሊጤ በወቅቱ አልቦካ ሲለኝ ያደረግሁት» ካሉ ግን ስለዚህ ጉዳይ ከእርስዎ በላይ የሚያውቅ ሰው ማግኘት ይከብዳል።

ይህን ምሳሌ በየደረጃው ስለምመለስበት ጥቂት ላብራራው። ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ፣ ደሴ ደግሞ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛሉ፤ በመካከላቸው ያለው መንገድ ግን ከ25 ኪሎ ሜትር ብዙም አይበልጥም። ሊጥን የሚያቦኩት ጥቃቅን ሕዋሳት በብርድ ሥራቸው ስለሚዘገይ፣ በአንደኛው ከተማ በደንብ የሚቦካ ሊጥ በሌላኛው ከተማ በዚያው ቀን አብሲት ለመጣል አይደርስም። ስለ እንጀራ በጥቅሉ የሚጽፍ ሰው አንድ የጊዜ መጠን ሰጥቶ ሊያልፍ ይችላል፤ ሁለቱንም ማድ ቤት የምታውቀው ሴት ግን ጤፉ እንኳ ሳይቀየር አየሩ ብቻ ምን እንዳደረገ ታውቃለች። ያላት ዕውቀት ጠባብ ቢሆንም የራሷ ስለሆነ የሚያስጠረጥራት ነገር ጥቂት ነው።

ጉዳዩ በበቂ መጠን መጥበቡን ለማወቅ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉልኝ ቢባሉ ቦታና ጊዜ ይዞ መውጣቱን ይመልከቱ። ካልወጣ ገና ሰፊ ነው።

ደረጃ 2፦ ከመጻፍዎ በፊት ይናገሩት

ስልክዎን ድምፅ መቅጃ ላይ አድርገው ጉዳዩን ለአንድ ለሚያውቁት ሰው ይንገሩ። ለዚህ የቡና ሰዓት ይመቻል፤ አቦሉ ሲቀዳ የተጀመረ ወግ በረካው ሳይደርስ ዋናው ነገር ተነግሮ ያልቃል፤ አድማጩም ያልገባውን መሐል ላይ ይጠይቃል። ይህ ደረጃ የሚያስፈልገው ወረቀት ፊት ሲቀመጡ የሚመጣው የትምህርት ቤት ፍርሃት አንደበት ላይ ስለማይኖር ነው። ቤት ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ድምፁ እንደሚቀዳ አውቆ መፍቀዱን ግን አስቀድመው ያረጋግጡ።

ከዚያ ቅጂውን እያዳመጡ አድማጩ የጠየቀባቸውን ቦታዎች በደብተሩ የመጨረሻ ገጽ ላይ ይመዝግቡ። እነዚህ ጥያቄዎች ጽሑፉ ሊመልሳቸው የሚገቡ ናቸው። ቃል በቃል መገልበጥ አያስፈልግም።

መጻፍ ለሚያዳግታቸው ሰዎችም መንገዱ ይኸው ነው፤ ተናግረው ልጅ ወይም የልጅ ልጅ ቢጽፍላቸው ጽሑፉ የተናጋሪው ነው። ጸሐፊው ግን የሰማውን ሲያሳምር ሐሳቡን እንዳይለውጥ ጽፎ ሲጨርስ መልሶ ያንብብላቸው።

ደረጃ 3፦ በግራ ገጽ ጽሑፉን፣ በቀኝ ገጽ ጥርጣሬውን ያስፍሩ

ደብተሩን ገልጠው በግራ ገጽ ላይ ብቻ በሰማያዊ ይጻፉ። በየዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ አእምሮዎ የሚያቀርበውን ተቃውሞ ሁሉ ከዓረፍተ ነገሩ ትይዩ በቀኝ ገጽ በቀይ ያስፍሩት፤ ለመመለስ ግን አይሞክሩ። «ይህ ለሁሉም ይሠራል?»፣ «ዋጋው ልክ ነው?»፣ «እትዬ ቢያነቡት ይቀየሙኛል»፣ «የተማረ ሰው ቢያየው ይስቅብኛል» የሚሉት ሁሉ ይጻፉ።

ይህ ደረጃ ከሁሉም በላይ የሚታለፍ ስለሆነ ምክንያቱን ላስረዳ። ጥርጣሬ በአእምሮ ውስጥ ሲቆይ አንድ ትልቅ ነገር መስሎ ይታያል፤ ጸሐፊውም ሥራውን በሙሉ ይጠራጠራል። በቀኝ ገጽ ሲሰፍር ግን የተለያዩ ትናንሽ ጥያቄዎች መሆናቸው ይታያል፤ ከእነሱም ግማሾቹ በአንድ ስልክ ጥሪ ይመለሳሉ። ሁለተኛው ምክንያት የሥራ ፍጥነት ነው፤ እየጻፉ ወዲያው መልስ የሚፈልጉ ከሆነ የመጀመሪያው አንቀጽ ላይ ይቀራሉ። ገጹን ሳይጨርሱ ወደ ቀኝ ተመልሰው እንዳያነቡ እመክራለሁ።

ቀኝ ገጹ ባዶ ከቀረም ደስ አይበልዎት። ባዶ ገጽ አብዛኛውን ጊዜ የሚያሳየው ጸሐፊው ሁሉም የሚያውቀውን ጥቅል ነገር እንደጻፈ ነው።

ደረጃ 4፦ ጥርጣሬዎቹን አንድ በአንድ ይፍቱ

ቢያንስ አንድ ሌሊት አሳድረው ወደ ቀኝ ገጽ ይመለሱ። የሚያገኙት ጥርጣሬ ከሚከተሉት በአንዱ ይፈታል።

ሀ) *ዓረፍተ ነገሩ ከሚያውቁት በላይ የሚናገር ከሆነ ያጥብቡት።* «በብርድ አገር ሊጥ በአራት ቀን ይቦካል» የሚለው ዓረፍተ ነገር ተቃውሞ ቢገጥመው አያስገርምም፤ ጸሐፊዋ ብርድ አገሮችን ሁሉ አላየችም። «ደሴ፣ በሐምሌ፣ እሳት በማይነድበት ክፍል ያስቀመጥኩት የጤፍ ሊጥ በሦስተኛው ቀን ገና አልቦካም ነበር፤ ቡሃቃውን ወደ ማድ ቤት አዛውሬ በብርድ ልብስ ስሸፍነው በማግሥቱ ደረሰ» የሚለውን ግን ማንም ባለሙያ ሐሰት ነው ሊል አይችልም፤ የሆነ ነገር ስለሆነ። «ሁሉም»፣ «ሁልጊዜ»፣ «ፈጽሞ»፣ «ያድናል» የሚሉ ቃላት ያሉበትን ዓረፍተ ነገር ሁሉ በቀይ ያስምሩና በቦታ፣ በጊዜና በመጠን ይተኩት። የባለሙያ ያልሆነ ሰው ጽሑፍ የሚታመነው በዚህ ነው።

ለ) *ሊጣራ የሚችል ከሆነ ያጣሩት።* ወሎ ውስጥ በተለይ ሦስት ነገሮች ያሳስታሉ። የመጀመሪያው መስፈሪያ ነው። የባቲ ገበያ ቁናና የሐይቅ ገበያ ቁና እኩል ላይሆኑ ስለሚችሉ፣ በቁና ወይም በጣሳ የሰፈሩትን አንድ ጊዜ በሚዛን አስመዝነው ኪሎውን አብረው ይጻፉ። ለመሬትም «ጥማድ» ሲሉ ብዙውን ጊዜ ሩብ ሔክታር ተደርጎ የሚታሰብ ቢሆንም በአካባቢዎ የሚታሰበውን ይግለጹ። ሁለተኛው ዓመተ ምሕረት ነው። የእኛ አቆጣጠር ከአውሮፓው ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ድረስ በ7፣ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን ድረስ በ8 ዓመት ስለሚያንስ፣ ከዓረብ አገር በመጣ ሰነድ ላይ ያለውን ቀን ሳይቀይሩ ከአገር ቤቱ ጋር ማደባለቅ ታሪኩን ያፋልሳል። ሦስተኛው በበዓል መቁጠር ነው። «ከረመዳን በፊት ዘራሁ» የሚለው ለዘንድሮ ጎረቤት ግልጽ ቢሆንም፣ ረመዳን በየዓመቱ በ10 ወይም በ11 ቀን ቀድሞ ስለሚመጣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ለሚያነበው ሰው ሌላ ወቅት ይሆንበታል። ወሩንና ዓመቱን ይጨምሩ። ሽማግሌዎች «በ66» ወይም «በ77» ብለው በረሃቡ ዘመን ሲቆጥሩም ሙሉውን 1966 ወይም 1977 ብለው ይጻፉት።

ሐ) *ሰውን የሚመለከት ከሆነ ሰውየውን ይጠይቁ።* «እትዬ ይቀየሙኛል» የሚለው እውነተኛ ጥያቄ ነው፤ መልሱም እትዬ ዘንድ ነው። ሄደው ያንብቡላቸው። ካልፈቀዱ ያንን ክፍል ያውጡ።

መ) *የሚቀረው ይሉኝታ ነው።* «ይስቁብኛል»፣ «ማን ነኝ ብላ ነው ይሉኛል» የሚሉት ከየትኛውም ዓረፍተ ነገር ጋር አይገናኙም፤ አንድም ቃል ቢቀይሩ አይረኩም። ስለዚህ መልስ አይስጧቸው፤ በቀይ እንደተጻፉ ይተዋቸውና ይለፉ። የሚከራከሯቸው ከሆነ ክርክሩ ወደ ጽሑፉ ይገባና ጽሑፉ ራሱን ሲከላከል የሚውል ይሆናል።

ደረጃ 5፦ ማን እንደሆኑ በአንድ አንቀጽ ይናገሩ

በጽሑፉ መጀመሪያ ላይ ምን እንደሠሩ፣ የት፣ ከመቼ ጀምሮ፣ ምን እንዳልተማሩ በአጭሩ ይግለጹ። አንባቢው ምክርዎን ምን ያህል መውሰድ እንዳለበት የሚመዝነው በዚህ ነው። ለምሳሌ የሚከተለው ይበቃል፦

«የምኖረው ደሴ ነው። የስኳር ሕመም ያለባቸውን እናቴን ከ2009 ጀምሮ በቤት ሳስታምም ቆይቻለሁ። የጤና ትምህርት አልተማርኩም። የጻፍኩት ምግባቸውን ሳዘጋጅና እግራቸውን በየቀኑ ስመለከት ያስተዋልኩትን ነው፤ መድኃኒትን የሚመለከተውን ሁሉ የወሰነው ሐኪማቸው ነው።»

በዚህ አንቀጽ ውስጥ ይቅርታ የለም፤ ትዕቢትም የለም። «እኔ ደካማዋ፣ ምንም የማላውቀው» ብሎ መጀመር በእኛ ዘንድ ጨዋነት ቢሆንም በጽሑፍ ላይ ጉዳት አለው፤ አንባቢው ቃልዎን አምኖ ቢተወውስ? እግር በየቀኑ መታየት ያለበት የስኳር ሕመም የእግርን ስሜት ሊያደነዝዝ ስለሚችልና ቁስል ሳይታወቅ ሊሰፋ ስለሚችል ነው፤ ይህን የሚያነብ አንድ ሌላ አስታማሚ ገጹን በይቅርታው ምክንያት ዘግቶት ቢሄድ የሚቀርበት ነገር ትንሽ አይደለም።

ደረጃ 6፦ ንጹሑን ቅጂ ይጻፉ

ችግሩን፣ ያደረጉትን፣ የሆነውን፣ ከዚያም ያልሠራውን በዚህ ቅደም ተከተል ይጻፉ። ያልሠራውን የሚተዉት ብዙዎች ናቸው፤ ሆኖም አንባቢው ሊሞክረው የሚችለውን ከንቱ ልፋት የሚያስቀርለት እሱ ነው። ርዝመቱ አያስጨንቅዎ።

ከማካፈልዎ በፊት የሚታዩ ማስጠንቀቂያዎች

*ጤና።* የመድኃኒት መጠን በፍጹም አይጻፉ። ኢንሱሊን ከሕመምተኛ ሕመምተኛ በመጠን ስለሚለያይ ለእናትዎ የታዘዘው ለሌላው ሰው አደገኛ ሊሆን ይችላል። ጠበል ሄደው ወይም ዱዓ አስደርገው ከሆነም የሆነውን እንደሆነ መጻፍ ይችላሉ፤ የታዘዘ መድኃኒት አቁሙ የሚል ትርጉም እንዳይሰጥ ግን ይጠንቀቁ።

*ስደት።* በአፋር በኩል ወደ ኦቦክ፣ ከዚያም በባሕር ወደ የመን የተጓዘ ሰው ታሪኩን ሲጽፍ አብረውት የነበሩትን በስም፣ በቀበሌ ወይም በቤተሰብ እንዲታወቁ ማድረግ የለበትም። ከእነሱ መካከል ዕዳ ያለበት፣ የተደበቀ ወይም ቤተሰቡ ዕጣውን ያልሰማ ሊኖር ይችላል። ስም ብቻ መቀየር አይበቃም፤ ትንሽ ቀበሌ ውስጥ ሙያና የልጆች ቁጥር ሰውን ለይቶ ያሳውቃል።

*ጦርነትና ሐዘን።* በ2014 በደሴ፣ በኮምቦልቻ፣ በወልዲያና በአካባቢያቸው የደረሰውን ለመጻፍ የሚያስቡ፣ ያዩትን ከሰሙት በጥብቅ ይለዩ። ያላዩትን እንዳዩ መጻፍ ለሰው ጉዳት ከመሆኑም በላይ በሕግ ሊያስጠይቅ ይችላል፤ የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 በሥራ ላይ ነው። እንዲህ ያለውን ጉዳይ ማታ ብቻዎን ሆነው አይጻፉ፤ ቀን፣ ሰው በአቅራቢያዎ ባለበት ይጻፉ። እንቅልፍ የሚነሳዎት ከሆነ ያቁሙ፤ መጻፉ ግዴታ አይደለም።

*ልጆች።* የልጅን ፎቶግራፍና ስም አያያይዙ።

ደረጃ 7፦ ለሁለት አንባቢዎች ይስጡ

መጀመሪያ ነገሩ ሲፈጸም ለነበረው፣ ቀጥሎ ስለ ነገሩ ለማያውቀው ይስጡ። የመጀመሪያው የተሳሳተ ቀንና የተዘለለ ነገር ያገኛል፤ ሁለተኛው ያልተብራራውን ያገኛል። የአንዱን ሥራ ሌላው ሊሠራው አይችልም፤ የሚያውቅ ሰው ክፍተቱን በራሱ ዕውቀት እየሞላ ስለሚያነብ ግልጽ ያልሆነው አይታየውም።

«እንዴት ነው፣ ጥሩ ነው?» ብለው እንዳይጠይቁ። የወሎ ሰው ፊት ለፊት ማሳፈር ስለማይወድ «ማሻአላህ፣ እሰይ፣ አብሽሪ» ብሎ ይሸኝዎታል፤ ደስ ብሎዎት ይመለሳሉ፣ ያወቁት ነገር ግን አይኖርም። በምትኩ መልሱ ቦታ የሚጠቁም ጥያቄ ይጠይቁ፦ «ጋሼ፣ የቱ ጋ ሲደርሱ ግራ ገባዎት?»፣ «የቱን መስመር ሁለቴ አነበቡት?»፣ «ይህን አንብበው ነገ ቢሠሩት ምን ይጎድልብዎታል?»

ጉዳዩ ጤናን፣ ኤሌክትሪክን ወይም ኬሚካልን የሚነካ ከሆነ ሦስተኛ አንባቢ የሚሆን ባለሙያ ይፈልጉ። ለእሱ የሚቀርበው ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፦ «ይህን አንብቦ የሚሠራ ሰው የሚጎዳበት ነገር አለ ወይ?» ሙሉ ጽሑፉን እንዲያጸድቅ ከጠየቁት እንደ ሙያው መጽሐፍ ሊያደርገው ይሞክራል፤ የእርስዎ ልምድ የነበረውም ይጠፋል።

ደረጃ 8፦ በየደረጃው ያካፍሉ

መጀመሪያ ለቤተሰብ፣ ከዚያ ያው ችግር ላለበት ለአንድ ሰው፣ ከዚያ በኋላ ለሰፊው ሕዝብ ያድርሱት። በመካከል ያለው ሰው ወሳኝ ነው፤ የቤተሰብ ሙገሳ ጽሑፉ ይጠቅም እንደሆነ አያሳይም፣ ችግሩ ያለበት ሰው ግን ሞክሮ ይነግርዎታል። ለሰፊው ሕዝብ ሲደርሱ በቴሌግራም ወይም በፌስቡክ መልቀቅ፣ ስልክ ለማይጠቀሙት ደግሞ ፎቶ ኮፒ አስነስቶ ለዕድር አባላት ወይም ለትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት መስጠት ይቻላል። ከላይ ቀኑንና ቦታውን መጻፍ አይርሱ።

ምላሽ ሲመጣ እንደ ደረጃ 4 ያስተናግዱት። ዓረፍተ ነገር ጠቅሶ የሚያርምዎትን ያመስግኑና እርማቱን ከነቀኑ ከጽሑፉ ሥር ያስገቡ፤ የቀድሞውን በስውር አይሰርዙት፣ ቀድሞ ያነበበው ሰው ምን እንደተቀየረ ማወቅ አለበት። «እኔ ዘንድ እንዲህ አልሆነም» የሚል ሰው ሲመጣ ቦታውንና ወቅቱን ይጠይቁት፤ የኮምቦልቻና የደሴ ዓይነት ልዩነት ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ምንም ዓረፍተ ነገር ሳይጠቅስ የሚሳደበው መልስ አይጠብቅም።

የተለመዱ ስህተቶች

*የባለሙያ ቋንቋ መዋስ።* «ተግዳሮት»፣ «ከዚህ አንጻር»፣ «ዘርፈ ብዙ» እያሉ መጻፍ ጥርጣሬን ያባብሳል፤ በማይለብሱት ልብስ የወጣ ሰው ሲሸማቀቅ ይውላል። ቡሃቃውን ቡሃቃ፣ ሞፈሩን ሞፈር ይበሉት።

*ከሌላ ቦታ የተገኘን ከራስ ጋር መቀላቀል።* የሰሙትን ወይም ያነበቡትን ከጨመሩ «ሰማሁ» ወይም «አነበብኩ» ብለው ይለዩት። ካልለዩት ስለ እሱ የሚነሳው ጥያቄ እርስዎን ይጠይቃል፤ መልስ ግን የለዎትም።

*በአንድ ጊዜ ለብዙ ሰው ማስነበብ።* ብዙ ሰው የተለያየ ነገር ስለሚል ጽሑፉ የማንም ሳይሆን ይቀራል።

*ወቅቱን ማሳለፍ።* ይህ በተለይ ስለ እርሻ በሚጽፉ ላይ ይታያል። በኩታበር፣ በደላንታ ወይም በደሴ ዙሪያ ደጋ ስለ በልግ ገብስ የጻፈ ሰው አንድ ጊዜ ደግሜ ላስተካክለው እያለ እስከ መጋቢት ቢያቆየው ማሳው ተዘርቶ ያልቃል፤ አንባቢውም ለመሞከር ሌላ ዓመት መጠበቅ ይኖርበታል። የበልግ ጽሑፍ በጥር፣ የመኸር ጽሑፍ በግንቦት ከእጅዎ መውጣት አለበት፤ በቀኝ ገጽ ላይ ያልተፈታ ጥያቄ ከቀረ ጥያቄውን ራሱን «ይህን ገና አላረጋገጥኩም» ብለው ከሥሩ ያስፍሩና ይልቀቁት።